ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

መጠበቅ አልችልበትም። አውቶቡስ ከዘገየ በእግሬ የምሄድ፣ ወጥ እስኪበስል ክዳኑን አሥር ጊዜ የማነሳ ሰው ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለባት» ትል ነበር። እንዲህ ያለችው ሴት በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ እንዳይግልባት ስትጠብቅ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ዋለች። ቆርቆሮው ከጋለ እኔ ወደማልመለስበት ልሄድ ነበር። ያን ቀን ደጋግሜ ለሰው አውርቼዋለሁ፤ አንዱን ነገር ግን ሁልጊዜ እዘለው ነበር። ዛሬ እሱንም አልዘለውም።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ፋብሪካ የመሣሪያ ጥገና ክፍል እሠራለሁ፤ አላገባሁም፤ ከእናቴ ከወይዘሮ ድንቅነሽ ጋር እኖራለሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ጴንጤዎች ነን፤ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ስለነበር እናቴ ጸሎቷን የምታደርሰው ኪሮሽ ይዛ ዳንቴል እየሠራች ነው። «እጄ ሥራ ከያዘ ከንፈሬ ምን እንደሚል ማንም አይጠይቀኝም» ትላለች። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የወንበሩ መደገፊያ ለብሷል፣ የውሃው ገንቦ ለብሷል። የደወል ሰዓቷ ሳትቀር ትንሽ ባርኔጣ ነበራት።

ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄዶ እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ጨዋታ ተጫወተ። በደብዳቤ ሊያስረዳኝ ሞክሮ አቃተው። «መስታወቱ ላይ ያለችው ነጥብ እጄን ትሰማለች፤ ሌላ ምን ልበልሽ?» ብሎ ጻፈልኝ። ይቺን አንብቤ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለሚመለሱ ተማሪዎች እያስያዘ ይልክልኝ ጀመር። አንዱ በጫማ ውስጥ ይመጣል፣ ሌላው በሳሙና ካርቶን፣ ሌላው በካልሲ ተጠቅልሎ። መመሪያው ጀርመንኛ ነው፤ ዳዊት ዳር ዳሩን በአማርኛ ሞነጫጭሮበታል። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። በስታኞ እየበየድኩ ጣቴን ያልተቃጠልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ለምን እንዲህ ለፋሽ ካላችሁኝ፣ መልሱ አጭር ነው፦ ለመጫወት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሳጥኑ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። መስታወቱ የቤታችን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን። ጨዋታውን ራሴ ጻፍኩት፤ አንዲት ጋሪ ከባቡር ጣቢያ ተነስታ ጉድጓድ እየሸሸች ገበያ ትደርሳለች። ጉድጓድ ውስጥ ከገባች አለቀላት። የናዝሬትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አይፈልግም።

ችግሩ ሙቀቱ ነበር። የናዝሬትን ሚያዝያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማሽኑ በበራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጋሪዋ ቀጥ ትላለች፤ መስታወቱ በመስመር ይሞላል። ቆርቆሮውን በምስማር ወንፊት አደረግኩት። ኤሌክትሪኩን የምታስተካክለው ሦስት እግር ያላት ጥቁር ዕቃ በጣም ስለምትግል፣ ሙቀቷን የሚወስድላት ሰፊ ብረት ስፈልግ የእናቴ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ታየኝ። በስቼ በብሎን ቆርቆሮው አናት ላይ አሰርኩት። ከተሰባበረ መኪና የተፈታ ቬንትሌተር ፈልጌ ከጎኑ አቆምኩለት። አሥሩ ደቂቃ አርባ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ አገር የያዝኩ መሰለኝ።

ከእናቴ ጋር ግን ጦርነት ላይ ነበርን። ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ቆርቆሮው ዳንቴል ለብሶ አገኘዋለሁ።

«እማዬ፣ ይሄ ሬዲዮ አይደለም። መተንፈስ አለበት።»

«ዕቃ ደግሞ ምን ይተነፍሳል? በዚያ ላይ በድስቴ ክዳን ራቁቱን ሲቀመጥ ያስጠላል።»

እገፈዋለሁ፤ በማግስቱ ታለብሰዋለች። ማሽኑ ሲጠፋ ስለሆነ የምታለብሰው ጉዳቱን አይታው አታውቅም።

ያኔ ያላወቅኩት ሌላ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። እኔ ማሽኑን ባበራሁ ቁጥር የጎረቤታችን የጋሽ ተፈራ ሬዲዮ ይንጫጫል። ጋሽ ተፈራ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቀትር ዜና ካልሰሙ ምሳ የማይወርድላቸው ጡረተኛ ናቸው። ቀበሌ ለስኳር ሲሰለፉ «ከእነ ድንቅነሽ ግቢ አንድ ነገር ሬዲዮዬን ይበጠብጠዋል» ብለው አወሩ። ወሬዋ ሰልፉን ተከትላ ሊቀመንበሩ ጆሮ ገባች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ በዳዳ ሁለት ታጣቂ ጥበቃዎች አስከትለው መጡ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ወፍራም ሰው ናቸው። እናቴ ገበያ ሄዳለች። ማሽኑ በርቶ ነበር። ቆርቆሮውን፣ ሽቦዎቹን፣ የድስቱን ክዳን ተራ በተራ አዩ።

«ማርታ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ በዳዳ።»

«ጨዋታ።» ክዳኑን በጣታቸው ነካ አድርገው ቶሎ አነሱ። «ወንድምሽ ውጭ አገር ነው። እናትሽ ጴንጤ ናት። የሰው ሬዲዮ ይንጫጫል። አንቺ ደግሞ ጨዋታ ትዪኛለሽ።»

«ላሳይዎት።»

«ለእኔ አይደለም የምታሳዪው። ለበላይ አካል ደውያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ይመጣል። ጨዋታ መሆኑን ካሳየሽው ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካላሳየሽው የመገናኛ ሬዲዮ ነው ማለት ነው፤ በመጣበት መኪና ወደ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ።»

በዚያ ዘመን በዚያ ዓይነት መኪና የሄዱ ሰዎችን ቤተሰብ አውቅ ነበር።

ጥበቃዎቹ ቴሌቪዥኑን፣ ቬንትሌተሩንና የካሴት ቴፓችንን ያዙ፤ ቆርቆሮውን ግን ለማንም አልሰጥ ብዬ አቅፌው ሄድኩ። የሰፈሩ ሰው እያየን ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ጋሽ ተፈራ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አዩኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

የቀበሌው አዳራሽ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ገና በአምስት ሰዓት ጣሪያው በሙቀት ይንቋቋል። ጠረጴዛ ሰጡኝ፣ ሁሉንም ገጣጠምኩ። ጨዋታው ካሴት ላይ ነው የተቀዳው፤ ኮምፒዩተሩ ከቴፑ እየሰማ ነው የሚጭነው፤ ሲጭን ደግሞ ድምፁ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ቴፑን ስከፍተው አንዱ ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ ጓድ በዳዳ።

«ከካሴቱ እያነበበ ነው።»

«ለማን?»

«ለራሱ።»

ካሴቱ አሮጌ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ቆመ፤ በሦስተኛው ጫነ። ጋሪዋ መስታወቱ ላይ ብቅ አለች። ጓድ በዳዳ ሳይወዱ ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ምንድን ነች?»

«ጋሪ ናት።»

«ፈረሱስ?»

«ይቺ ነጥብ።»

«ይሄ ውርንጭላ ነው» አሉና ተመልሰው ሄዱ።

አጥፍቼ ማሳረፍ ነበረብኝ። ግን ካሴቱ ሰውየው ፊት አልጭን ቢልስ? አልደፈርኩም። በርቶ ይቆይ ብዬ ቬንትሌተሩን አስጠግቼ ቆምኩ። በየደቂቃው ክዳኑን በጣቴ እነካለሁ። ሞቅ፣ ሞቅ፣ ሞቅ ይላል፤ አይፈጅም። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ወዲያ እላለሁ፣ ወዲህ እላለሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ጥበቃው «አንቺ ልጅ አዞርሽኝ፤ አንዴ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሳሁ።

ስምንት ሰዓት ገደማ እናቴ ምሳ ዕቃና የዳንቴል ከረጢቷን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም። እህሉን ገፋ አደረገችልኝ፤ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ወዲያው ጓድ በዳዳ ከቢሯቸው ጠሩኝ፤ የሕይወት ታሪኬን በሦስት ኮፒ በእጄ መጻፍ አለብኝ።

«እማዬ፣ ማንም እንዳይነካው ጠብቂልኝ። ቬንትሌተሩ እንዳይጠፋ። ይሄ ማሽን ከሠራ እገባለሁ፤ ካልሠራ ይወስዱኛል።»

«እሺ፣ ልጄ።»

አትሸፍኚው አላልኳትም። እንዲህ ያለ ቀን ዳንቴል ማን ያስባል?

ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያደረግኩትን፣ የተማርኩበትን፣ ወንድሜ የላከልኝን ደብዳቤ ሁሉ ጻፍኩ። ቸኮልኩ፤ ጓድ በዳዳ «ሦስተኛው ኮፒ አይነበብም፣ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዳለሁ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ብዕሩን ጥዬ ሮጥኩ።

ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው አዳራሹ መሃል ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ማሽኔ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ጠርዙ ተስተካክሏል፣ ማዕዘኖቹ እኩል ወርደዋል። ክዳኑም፣ ቀዳዳዎቹም፣ ቬንትሌተሩ የሚነፍስበት ጎንም ተሸፍኗል። መስታወቱ ላይ ጋሪ የለችም፤ ከላይ እስከ ታች መስመር ብቻ ነው። እናቴ አጠገቡ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«አውሎ ነፋስ አቧራ ይዞ ገባ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ትልቅ ሰውም ሲመጣ ራቁቱን እንዳያገኘው ብዬ።»

እዘለው ነበር ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነው። ዳንቴሉን ቀምቼ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ እናቴን እንዲህ አልኳት፦

«ገደልሽኝ። በዚህ ዳንቴልሽ ገደልሽኝ። እጅሽን ይስበረው።»

ጥበቃው ሳይቀር ፊቱን አዞረ። ጓድ በዳዳ ከኋላዬ «ኢንተላ፣ እናት እኮ ናት» አሉ በለሆሳስ። በኦሮምኛ አንቺ ልጅ እንደ ማለት ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ዳንቴሉን አነሳች፣ አቧራውን አራገፈች፣ አጥፋ ያዘችው።

«ጨዋታው ይሄ ነው?» አለ ካኪ ለባሹ መስመሮቹን እያየ።

«ግሎ ነው ጌታዬ። ከቀዘቀዘ ይሠራል። አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

ሰዓቱን አየ። «ሃያ ደቂቃ።»

አጠፋሁት። ክዳኑ ጣት አያስቀምጥም። ቬንትሌተሩ የሚነፍሰው አየር ራሱ ከምድጃ የሚወጣ ይመስላል። ሦስት ደቂቃ ጠብቄ ካሴቱን ልጭን ሞከርኩ፤ ግማሽ ሳይደርስ ተንቀጥቅጦ ቆመ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀረኝ። በእጄ አራገብኩ፣ በሕይወት ታሪኬ አንደኛ ኮፒ አራገብኩ። ካኪ ለባሹ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ። እንደማይሆን ገባኝ። ማልቀስ ፈለግኩ፤ እንባዬም አልመጣ አለኝ።

ያኔ ጓድ በዳዳ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ፊታቸው በላብ ረጥቧል። ሰውየውን የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ መፍራት አልነበረባቸውም፤ ግን ፈርተዋል። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«እኔ ሊቀመንበር ከመሆኔ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበርኩ» አሉ። «በረሃው ውስጥ የውሃ ኮዳችንን ምን እናለብሰው ነበር? እርጥብ ጨርቅ ነው። ነፋስ ሲመታው ውሃው የገንቦ ውሃ ይሆናል።»

«ውሃና ኤሌክትሪክ አይገናኙም፣ ጓድ በዳዳ።»

«ክዳኑ ላይ ብቻ። ጥብቅ አርገሽ ጨምቀሽ። ስስ ጨርቅ ይሁን፤ ነፋስ የሚያሳልፍ።»

ስስ ጨርቅ ከየት? ቀና ስል እናቴ አዳራሹ ጥግ ካለው የመጠጥ ውሃ ባልዲ አጠገብ ነበረች። ዳንቴሉን ነክራ እየጨመቀችው ነው። አንድ ጊዜ ጨመቀች፣ ደገመች፣ ጠብታ እስኪጠፋ ሠለሰች። ከዚያ መጥታ አራት እጥፍ አድርጋ ከክዳኑ ጫፍ ሳታሳልፍ በልኩ አስቀመጠችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ቬንትሌተሩን ወደ ላይ አዞርኩት። ነፋሱ በዳንቴሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፍ ጀመር።

ሦስት ደቂቃ። ዳንቴሉ ደርቆ እንደገና ነከረችው። ሌላ ሦስት ደቂቃ። ጣቴን ከሥሩ አስገብቼ ክዳኑን ነካሁት። ቀዝቅዟል።

ቴፑን ከፈትኩ። ጩኸቱ ተነሳ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ካኪ ለባሹ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጓድ በዳዳ ቀደሙኝ። «ለራሱ እያነበበ ነው፣ ጓድ።»

አምስት ደቂቃ ጮኸ። እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችለው ሴት ሳልንቀሳቀስ አምስት ደቂቃ ቆምኩ። ጩኸቱ ቆመ። መስታወቱ ጨለመ። ከዚያ ጋሪዋ ጣቢያው በር ላይ ብቅ አለች።

ለካኪ ለባሹ ቁልፎቹን አሳየሁት። መጀመሪያ በአንድ ጣት ነካ። ጋሪዋ ወደ ግራ ሄደች። እጁን አነሳና እጁን ራሱን አየው። እንደገና ነካ። ጉድጓድ ገባ። «አንድ ጊዜ እንደገና» አለ። ደገመ። ሲጋራው ጣቱ ላይ አለቀ። እናቴ ዳንቴሉን ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ታስቀምጣለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ባልዲው ሲጎድል ጥበቃው ሄዶ ሞላላት። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሪዋ ገበያ ደረሰች፤ ካኪ ለባሹ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ማን እንዳየው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ኮቱን አስተካከለ።

«ሬዲዮ አይደለም» አለ ለጓድ በዳዳ። «ልጅቷ ቤቷ ትግባ። ዕቃው ግን ለምርመራ ይፈለጋል። ሲያልቅ ይመለስላታል።»

ከነክዳኑ፣ ከነቬንትሌተሩ፣ ከነካሴቱ መኪናው ላይ ጫኑት። ዳንቴሉን ግን ካኪ ለባሹ ራሱ አንስቶ ለእናቴ ሰጣት። «አመሰግናለሁ፣ እናቴ» አላት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ቃል ቀድሜ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ነበርን። ይቅርታ ልላት አሥር ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ቤት እንድረስ አልኩ። ቤት ስንደርስ ነገ አልኩ። እሷም የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንግዲህ ድስቱ ያለ ክዳን ቀረ።»

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ መንግሥትን መፍራት አስተማረኝ አልልም፤ እሱን ሁላችንም እናውቅበት ነበር። ያን ቀን ሕይወቴ እጃቸው ላይ በነበረ ሰዎች ላይ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ለሁሉም እርስዎ፣ ጌታዬ፣ ጓድ እያልኩ ዋልኩ። የጮኽኩት ልትጎዳኝ በማትችለው አንዲት ሴት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስፈራ አፌን እይዛለሁ፤ ሁልጊዜ አይሳካልኝም። እናንተስ ስትፈሩ የምትጮኹት ማን ላይ ነው?

ማሽኑ አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ሦስተኛውን እናቴ ከለከለችኝ። መንግሥት ሲቀየር መሥሪያ ቤቱም ፋይሉም ጠፋ። ምናልባት አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጋሪዬን ሲነዳ ኖሮ ይሆናል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል በእኔና በእናቴ መካከል የሚያስፈልገው ቃል ብቻ ነበር የሚያልፈው። እሷ ኪሮሿን ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትሠራለች፤ እኔ ነገ ነገ እላለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት አልጋዬ ላይ አዲስ ዳንቴል ዘርግታ አገኘኋት። ልኩ የብስኩቱ ቆርቆሮ ነው። መሃሉ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ቀዳዳ አለው፤ ዙሪያው በአበባ ተከቧል። በግራ ጎኑ ቬንትሌተሩ የሚነፍስበት ቦታ አራት ማዕዘን ክፍት ነው። በዓይኗ ነው የለካችው፤ ማሽኑ እኮ አልነበረም።

«ሲመልሱልሽ እንዲተነፍስ ብዬ ነው» አለችኝ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ይሰበር ያልኩትን እጅ ይዤ ሳምኩት። ኪሮሹ አሁንም በጣቶቿ መካከል ነበር።

«ተይ» አለችኝ፣ «ይወጋሻል።»